ደቦ፦ ከጤፍ ማሳ እስከ ዜና

የአዲስ አበባ ወጣት «ደቦ» የሚለውን ቃል ዛሬ በብዛት የሚሰማው «ፍርድ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ነው። «የደቦ ፍርድ» ሲባል ሰዎች ተሰብስበው ያለ ዳኛና ያለ ማስረጃ አንድን ሰው ሲደበድቡ ወይም ሲገድሉ ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጎጃም ወይም ወሎ ገጠር ያደጉት አያቱ ግን በዚሁ ቃል ጤፍ አጭደዋል፣ ጎጆ ከድነዋል፣ ባል የሞተባትን ጎረቤት ማሳ አርመዋል። ቃሉ በሁለት ትውልድ መካከል ከመረዳጃ ስምነት ወደ ወንጀል መጠሪያነት ተሻግሯል። እንዲህ ያለ ለውጥ ብዙውን ጊዜ በዘፈቀደ አይመጣም፤ አንድ ቃል ከተሸከማቸው ትርጉሞች አንዱ ሲራገፍ ሌላው ይገንናል። በደቦ ላይ የትኛው እንደተራገፈና የትኛው እንደገነነ ለማየት መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ፣ ቀጥሎም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል።

የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ ሥራ በዓመቱ ውስጥ እኩል አልተዘረጋም። ጤፍን እንውሰድ። ማሳው አራት አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ በነሐሴና በመስከረም ይታረማል፤ ኅዳር ላይ ለአጨዳ ይደርሳል። እርሻው ወራት ስለሚወስድ አንድ ገበሬ ጥማድ በሬ ካለው ቀስ እያለ ብቻውን ሊገፋው ይችላል። አረሙና አጨዳው ግን ጊዜ አይሰጡም። አረም በሰዓቱ ካልተነቀለ ቡቃያውን ያንቀዋል። የደረሰ ጤፍ ሳይታጨድ ከቆየ ደግሞ ደቃቅ ፍሬው ይረግፋል፤ አገዳው ቀጭን በመሆኑ ነፋስና ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ያጋሽበዋል፣ ማለትም መሬት ላይ ያስተኛዋል። የተጋሸበ ጤፍ ለማጭድ አይመችም፤ እርጥበት ካገኘውም እዚያው ይበሰብሳል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት አሉ፦ በነሱ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ጉልበት የማይበቃባቸው፣ የዓመቱ እንጀራ ግን የሚወሰንባቸው።

እነዚህ ሳምንታት ደግሞ ሙሉ አይደሉም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን አካባቢ ከሰንበት በተጨማሪ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ እንደ አጥቢያውም ሌሎች በዓላት ይከበራሉ፤ በነዚህ ቀናት እርፍ መጨበጥም ማጭድ ማንሳትም ነውር ነው። የቀረው የሥራ ቀን ጥቂት በመሆኑ ሥራው በቀኑ ላይ ይከመራል። በጥሬ ገንዘብ የቀን ሠራተኛ መቅጠር እንዳይቻል፣ ገበሬው ብር የሚያገኘው እህሉን ከሸጠ በኋላ ነው፤ ጉልበቱ የሚያስፈልገው ግን እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ያለው አማራጭ ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ጎረቤትም የራሱ ጤፍ እየረገፈበት ከሆነ እንዴት ለሌላ ሰው ሊያጭድ ይመጣል? መልሱ መልክዓ ምድሩ ላይ ነው። በሰሜኑ ደጋ የአንድ መንደር ማሳዎች በአንድ ሜዳ ላይ አይገኙም፤ አንዱ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሌላው ከተዳፋቱ ሥር፣ ሦስተኛው ከወንዙ ዳር ነው። ከፍታው፣ የፀሐዩ አቅጣጫና የአፈሩ ዓይነት ስለሚለያይ እህሉ እኩል አይደርስም። ገብስ ከጤፍ ይቀድማል፤ ቀድሞ የተዘራው ዘግይቶ ከተዘራው ይቀድማል። ስለዚህ የአንዱ አጨዳ ሲጠና የሌላው ገና ይሆናል፤ ጉልበትም በዚህ ልዩነት ላይ ይዘዋወራል። ሁሉም ማሳ በአንድ ቀን ቢደርስ ኖሮ የጉልበት መለዋወጥ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ይህ መለዋወጥ በአማርኛ ተናጋሪው ገጠር አንድ ስም ብቻ የለውም፤ ስሞቹም ተመሳሳይ ነገር አይሰይሙም። ወንፈል በቁጥር የሚሄድ ነው። ጥቂት ገበሬዎች ይስማማሉ፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ይዞራሉ፤ አንድ ቀን የሠራ አንድ ቀን ይሠራለታል። ተራው የደረሰው ሰው ቢታመም ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል፤ ካልላከ ዕዳ ይቆጠርበታል። ምግቡም ቀላል ነው፦ ያለው ይቀርባል፣ ድግስ አይደለም። መቀናጆ ደግሞ የበሬ ነው፤ አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች በሬዎቻቸውን አጣምደው ማሳቸውን በተራ ያርሳሉ። ደቦ ከሁለቱም ይለያል። ደቦ ይጠራል። ጠሪው የታወቀ ነው፣ ቀኑ አንድ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ሥራው ትልቅ ነው፤ የመጣውን ሰው የሚመልሰው በቀን ሒሳብ ሳይሆን በምግብና በጠላ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ይኸው ነገር ጅጌ ይባላል፤ ሁለቱንም ቃላት የሚጠቀሙ ሰዎችም በመካከላቸው የመጠንና የድግስ ልዩነት ያደርጋሉ። የቃላቱ ድንበር ከወረዳ ወረዳ ይዘዋወራል፤ የነገሩ ድንበር ግን፣ ማለትም የሚቆጠር ጉልበትና የማይቆጠር ጉልበት የሚሉት ሁለት ወገኖች፣ በሁሉም ቦታ ጸንቶ ይገኛል። ለኋላው ነገር ዋናው ይህ ልዩነት ነው።

የደቦን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከሩቅ የሚታየው የወንዶቹ ሰልፍ ብቻ ነው። ደቦ የሚጀምረው ከማሳው ሳይሆን ከጓዳ ነው። ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም፦ ብቅል ይበቅላል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ ጥንስስ ይጣላል፣ አሻሮ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል፣ ከዚያም እስኪብላላ ይጠበቃል። እንግዲህ የቤቱ እመቤት ጤፉ የሚደርስበትን ቀን አስቀድማ መገመት አለባት። ጠላው ሳይደርስ ጤፉ ከደረሰ ደቦ አይጠራም፤ ጠላው ደርሶ ጤፉ ካልደረሰ ጠላው ይሖመጥጣል። ቀኑ ሲቆረጥ ልጅ በየቤቱ ይላካል፤ መልእክቱ አጭር ነው፦ «ነገ ደቦ አለብንና እንዳትቀሩብን።» በማግስቱ ወንዶቹ ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከማሳው ጫፍ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ አንዱ ዘፈን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ዘፈኑ ማስዋቢያ ብቻ አይደለም። ሰልፈኛው በአንድ ምት ጎንበስ ቀና እንዲል ያደርጋል፤ ቀርፋፋው ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ፈጣኑም ብቻውን እንዳይሮጥ ይይዛል። መሐል ላይ ሽለላና ፉከራ የሚገባው ሰው ሲደክም ነው። ቀትር ላይ እንጀራና ወጥ፣ በየመሐሉ ጠላ ይመጣል፤ ማታ ጠሪው ቤት ገብተው ይበላሉ፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ይበተናሉ።

በዚህ ሁሉ ማን ስንት ነዶ እንዳጨደ የሚጽፍም የሚያስታውስም የለም። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ያንን ይጠይቃል። ሽማግሌው ከጎረምሳው እኩል ማጨድ አይችልም፤ ቢቆጠር ኖሮ አይመጣም ነበር፤ ካልመጣ ደግሞ ምርቃቱ ይቀራል። ባል የሞተባት ሴት ወይም የታመመ ሰው ደቦ ሲጠሩ ብድሩን በጉልበት መመለስ እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል፤ በወንፈል ሒሳብ ቢሆን ማንም አይመጣላቸውም። ደቦ ደካማውን የሚያስገባው ባለመቁጠሩ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውም ይህን አሠራር በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል፦ ሸክሙ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከመታየት ያልፋል። (ከመቁጠር ውጭ የሚቀረው ሌላ ጉልበትም አለ፤ ለአንድ ቀን አጨዳ ከሳምንት በላይ የሚደክሙት ሴቶች በደቦው ሰው ቁጥር ውስጥ አይገቡም።)

አለመቁጠሩ ሌላ ፊትም አለው። ደቦ የሚጠራው ደካማ ብቻ አልነበረም፤ ሰፊ መሬት ያለው፣ ሹመት ያለው፣ ብዙ ጠላ መጥመቅ የሚችል ሰውም ይጠራ ነበር። እሱ ሲጠራ የሚመጡት ሰዎች ውለታ ያለባቸው ወይም ፊቱን የሚፈሩ ነበሩ። ያም ሆኖ ቋንቋው ይህን ከግዴታ ጉልበት ለይቶ ይዟል። ገበሬው ያለ ክፍያ እንዲያርሰው የተመደበበት የጌታ መሬት ሁዳድ ይባል ነበር፤ ሁዳድ ላይ መሥራት ደቦ አልነበረም፤ ተጋብዘህ ሳይሆን ታዘህ የምትወጣበት ነበርና። ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ በሕግ አበቃ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ያንቀሳቀሰው የጋራ ሥራ ሌላ ስም ያዘ፦ ዘመቻ። ገጠሩ ደቦን ለተጠራ ነገር ብቻ ያስቀረው ይመስላል።

አሁን ወደ ቃሉ አመጣጥ። የአማርኛ ስሞች አብዛኞቹ ከግሥ ጋር ይዛመዳሉ፤ ሥራቸው፣ ማለትም ትርጉሙን የሚሸከሙት ተነባቢዎች፣ በግሡም በስሙም ይታያሉ። ደቦ በ«ኦ» ማለቁ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ንፍሮም ቆሎም በ«ኦ» ያልቃሉ። ነገር ግን ንፍሮ «ነፈረ» አለው፣ ቆሎ «ቆላ» አለው። ደቦ ከትርጉሙ ጋር የሚስማማ ግሥ በአማርኛ የለውም። አማርኛ ተናጋሪ ደቦን ወደ ግሥ ሲለውጠው ሌላ ግሥ ተውሶ ነው፦ ደቦ ጠራ፣ ደቦ ወጣ። እንዲህ ያለ ብቸኛ ቃል ሲገኝ ጎረቤት ቋንቋን መጠየቅ የተለመደ ነው።

ጎረቤቱ ኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ የዚሁ ዓይነት የጋራ ሥራ ዳቦ ይባላል፤ «ዳ» የምትባለው ግን አጭር ናት። ኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል፤ አማርኛ ደግሞ የኦሮምኛን አጭር «አ» ብዙ ጊዜ በግዕዝ ፊደል፣ እንደ «ደ» ያለውን፣ ይቀበለዋል። ገዳ እና ጉዲፈቻ የሚሉትን ቃላት አንባቢ ያውቃቸዋል፤ «ገ» እና «ፈ» ከኦሮምኛ አጭር «አ» የመጡ ናቸው። በዚሁ መንገድ የኦሮምኛው አጭር «ዳ» በአማርኛ «ደ» ይሆናል፤ ደቦ ይወጣል። በኦሮምኛ የሚበላው ዳቦ ግን ረጅም «ዳ» አለው፤ አማርኛውም «ዳ» ብሎ ይጠራዋል። ደቦና ዳቦ በድምፅ ስለተቀራረቡ «ዳቦ ተበልቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ደቦ ተባለ» የሚል ማብራሪያ መስማት ያልተለመደ አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሁለቱን ቃላት በአናባቢ ለይተው መያዛቸው ይህን ማብራሪያ ያፈርሰዋል። ጅጌም እንዲሁ በኦሮምኛ ጂጊ የሚል አቻ አለው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በወሎ፣ በሸዋና በጎጃም ዳርቻ አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን አርሰዋል፤ በአንድ ደቦ ላይ ሁለት ቋንቋ የሚሰማበት ቦታ ዛሬም አለ። ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል፤ የግሡ አለመኖር ግን ሚዛኑን ወደ ውሰቱ ያደላዋል። ቃሉ አማርኛ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባላገር የሆነ ነው ማለት ይቻላል።

ቃሉ ወደ ከተማ ሲመጣ ማሳው አልተከተለውም። ከተሜው የሚያውቀው ዕቁብና ዕድር ነው፤ ሁለቱም መዝገብ አላቸው፣ ሁለቱም ይቆጥራሉ። ደቦ ግን በከተማ የሚጠቁመው ነገር ስላልነበረው ተውሳከ ግሥ ሆነ። «በደቦ» ማለት «ተሰብስቦ፣ በጅምላ» ማለት ሆነ፦ በደቦ መሳደብ፣ በደቦ መፈረጅ፣ በደቦ ማሰብ። ጠሪው፣ ጠላው፣ ምርቃቱ፣ ማሳው ወደቁ። የቀረው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ላይ መዝመቱና የማንም ድርሻ ተለይቶ አለመታወቁ ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነው ነገር ይህን ዝግጁ ትርጉም አገኘው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሻሸመኔ በተካሄደ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ቦምብ ይዟል የተባለ ሰው በሕዝብ ተገድሎ ተሰቀለ፤ ቦምብ አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት በምዕራብ ጎጃም በሕፃናት ጤና ላይ ጥናት ሊያደርጉ የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን ሊጎዱ መጡ በሚል ወሬ ተገደሉ። ዜና ለሚጽፍ ሰው እንዲህ ላለው ድርጊት ስም ያስፈልገዋል። ሁለት ስሞች ቀረቡ፦ «የመንጋ ፍርድ» እና «የደቦ ፍርድ»። ሁለቱም እስካሁን ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የሚናገሩት ግን አንድ አይደለም። መንጋ ሰውን ከእንስሳ ቆጥሮ ድርጊቱን ያለ ሐሳብ የተፈጸመ ያደርገዋል። ደቦ ደግሞ ሰዎቹ ሰዎች እንደሆኑ ይተዋቸዋል፤ ድርሻቸውን ግን ያጠፋዋል።

ለምን «የወንፈል ፍርድ» እንደማይባል አሁን ግልጽ ይሆናል። ወንፈልም የብዙ ሰው ሥራ ነው፣ ገጠሬም ነው፣ የቆየም ነው። ነገር ግን ወንፈል ይቆጥራል፤ ማን ምን እንዳደረገ ይታወቃል። በደቦ ፍርድ ዋናው ነገር ያለመታወቁ ነው፦ አንዱ ድንጋይ ወረወረ፣ ሌላው ዱላ አቀበለ፣ ሌላው ጮኸ፣ ሌላው ቪዲዮ ቀረጸ፤ ሲጠየቁ ሁሉም «ሕዝቡ ነው» ይላሉ። ሸክምን የሚያቀልል አሠራር ጥፋትንም ያቀልላል። ቋንቋው ስድብ ፈልጎ አላገኘም፤ የደቦን እውነተኛ ባሕርይ አንስቶ ሌላ ቦታ ላይ አዋለው። በዚህ ረገድ ስያሜው እንደሚመስለው ጭፍን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጋራ ለተፈጸመ ድርጊት እያንዳንዱን ተካፋይ ይጠይቃል፤ ሕጉ በሌላ አነጋገር ደቦውን ወደ ወንፈል መልሶ ይቆጥረዋል።

ሆኖም ስያሜው የሚያጠፋው ነገር አለ፤ እሱም ጠሪው ነው። እውነተኛ ደቦ ባለቤት አለው። የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ማጭድ ሰው ቢቆርጥ፣ ጠብ ቢነሳ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ማታ ሲመሽ ደቦው ያበቃል። የመንገድ ላይ ግድያ ጠሪው አይታወቅም፣ ወይም ራሱን አይገልጽም፤ ወሬ ነው የጠራው። ይህን ክፍተት በግልጽ የሚያሳየን አሮጌው ገጠር ወንጀልን ለማጣራት ሲሰበሰብ ደቦ አለማለቱ ነው። ስሙ አፈርሳታ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታም አውጫጭኝ። ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የቀረ ይቀጣል፤ ተጠርጣሪ ከተገኘ ለዳኛ ይቀርባል። በዘመናዊ ሕግ ዓይን አፈርሳታ ብዙ የሚነቀፍበት አለው፤ ንጹሐንን ያግታል፣ ጥርጣሬን በብዙዎች ላይ ይጥላል። ዓላማው ግን የተሰወረውን አድራጊ ነጥሎ ማውጣት ነበር። የዛሬው ጥቃት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አድራጊዎቹን በብዛት ውስጥ ይሰውራል። ሁለቱም የሕዝብ ስብሰባ ናቸው፤ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው።

እንግዲህ ማስረጃው ከተዘረዘረ በኋላ ፍርድ መስጠት ይቻላል። «የደቦ ፍርድ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ስሕተት የሆነው ቃል ደቦ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጥ የተሳሳተው «ፍርድ» ነው። ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ ያለበት ነገር ነው፤ በመንገድ ላይ የሚፈጸመው ግን ግድያ ወይም ድብደባ ነው፤ የሕጉም ስሙ ይኸው ነው። ደቦ ግን አለመቁጠሩን በሚመለከት እውነት ተናግሯል፤ ጠሪውን በማጥፋቱ ግን ዋሽቷል። ቃላትን በአዋጅ መመለስ አይቻልም፤ ከተማው ይህን ትርጉም ይዞ ይቀጥላል፣ ገጠሩም ጤፉ በደረሰ ቁጥር ደቦ ይጠራል። ዜና ጸሐፊዎች ግን አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ድርጊቱን «የቡድን ግድያ» ወይም «የቡድን ጥቃት» ብለው መጻፍ፣ ቀጥሎም ማን ወሬውን እንዳስነሳ፣ ማን እንደመታና ማን እንደተከሰሰ በስም መዘርዘር።